በትንሽ ጀልባ ላይ ሁለተኛ የመሪ ስፍራ በጥቂት ወጪ ስለ መጨመር

እህል ከአውድማ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የገበሬው ድካም አልተፈጸመም። በየብስ ያለው ገበሬ እህሉን በአህያ፥ በበቅሎና በመኪና ያደርሳል፤ በሐይቅ ዳርና በደሴት ለሚኖረው ሕዝብ ግን መንገዱ ውሃ፥ አጋሰሱም ጀልባ ነው። በጣና፥ በዝዋይ፥ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ያለው ሰው እህሉን፥ ፍሬውን፥ ዓሣውንና ማገዶውን፥ ይልቁንም ራሱንና ልጆቹን ለጀልባ አደራ ይሰጣል። ስለዚህ የጀልባ ደኅንነት የባሕረኞች ነገር ነው ተብሎ በአገር አስተዳዳሪዎችና በእርሻ ሹማምንት ዘንድ ሊናቅ አይገባም።

ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ሞተራቸው በኋላ የተንጠለጠለ ነው፤ ነጂውም ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ የሞተሩን እጀታ በእጁ ይዞ ይመራል። ጀልባው ባዶ በሆነ ጊዜ ይህ አሠራር መልካም ነው። ጆንያ በተከመረበትና ሰው በተሞላ ጊዜ ግን ነጂው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ውሃ ሳይሆን የጆንያውን ጀርባ ነው። ያን ጊዜ የሚያየው ሌላ፥ የሚመራው ሌላ ይሆናል፤ አደጋም የሚመጣው በሁለቱ መካከል ነው። ይህን ጉድለት ለማቃናት ከፊት በኩል ሁለተኛ የመሪ ስፍራ መሥራት ይቻላል። አሠራሩና ጥንቃቄው እንደሚከተለው ይገለጻል።

1ኛ፤ የነገሩ ጥንተ ታሪክ

መርከብን ከኋላ ሆኖ መምራት ጥንታዊ ልማድ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምላስን ከመርከብ መሪ ጋራ ያነጻጸረው፥ ትንሹ መሣሪያ ታላቁን አካል እንዲያዞር ማንም የሚያውቀው ስለሆነ ነው። በዚያ ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር የሚመላለሱ መርከቦች በኋላቸው በቀኝና በግራ ሁለት ሰፋፊ የመሪ መቅዘፊያዎች ነበሯቸው። ይህ ግን ሁለት መሣሪያ ነው እንጂ ሁለት የመሪ ስፍራ አልነበረም።

በኋላ ዘመን የአውሮጳ መርከቦች እየረዘሙና ከፍ እያሉ በሄዱ ጊዜ፥ የመሪውን እንጨት የያዘው ሰው ከወለል በታች ቆሞ ሸራውንና ባሕሩን ማየት ተሳነው። ስለዚህ በመሪው እንጨት ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ረጅም ዘንግ ቀጠሉለት፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1700 ዓ.ም ወዲህም ገመድ የሚጠቀለልበት ክብ መሪ ቀስ በቀስ ዘንጉን ተካ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ የፈለጉት መሪ ማብዛት ሳይሆን መሪውን ወደሚያየው ሰው ማምጣት ነበር። ዛሬ በትንሽ ጀልባ ላይ የሚሠራውም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

2ኛ፤ ጭነት የሚሰውረው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ

ብዙ ነጂዎች «ጥቂት ቀና ብዬ አያለሁ» ይላሉ። ነገሩን በሒሳብ መመርመር ይሻላል። ርዝመቱ 8 ሜትር በሆነ ጀልባ ላይ የተከመረው ጭነት ከውሃው በላይ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ይኑረው፤ ከነጂውም 4 ሜትር ወደ ፊት ይራቅ። ነጂው ተቀምጦ ዓይኑ ከውሃው በላይ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን በጭነቱ አቅጣጫ ውሃውን ፈጽሞ አያይም። በከፍተኛ ወንበር ተቀምጦ ዓይኑ 1 ሜትር ከ60 ቢደርስ፥ ከጭነቱ በላይ አልፎ ውሃውን የሚያየው ከ64 ሜትር ወዲያ ነው። ቆሞ ዓይኑ 2 ሜትር ቢደርስ ደግሞ ከ16 ሜትር ወዲያ ያያል።

እንግዲህ በከፍተኛ ወንበር የተቀመጠው ነጂ ከ64 ሜትር ወዲህ ባለው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ግንድ ወይም ብቅ ያለ ድንጋይ አያይም። በደንገል ታንኳ ተቀምጦ የሚቀዝፍ ሰው ራሱ ከውሃው በላይ 80 ሳንቲ ሜትር ቢታይ እንኳ፥ ከ32 ሜትር ወዲህ ፈጽሞ ይሰወርበታል። ጀልባው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 32 ሜትር የሚጨርሰው በ10 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ነው። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ በውሃው ላይ ዝቅ ብሎ የሚሄድ፥ ድምፅም መብራትም የሌለው ስለሆነ፥ በሞተር ጀልባ ፊት በጎን በኩል የገባ ቀዛፊ ሕይወቱ በዚህ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ናት።

ከዚህም በቀር ጉማሬ፥ የዓሣ መረብና እንቦጭ አሉ። እንቦጭ የተባለው አረም በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በሞተሩ ሽክርክሪት ላይ ሲጠመጠም ጀልባውን በማዕበል መካከል ያለ ኀይል ያስቀራል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ከፊት የተቀመጠ ሰው ነው።

3ኛ፤ ገንዘብ ሳይወጣ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው

ባለ ጀልባው ወደ ሠራተኛ ቤት ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ይፈትን። አንደኛ፥ ጭነቱ ዝቅ ብሎ ይደርደር፤ ከነጂው ዓይን ጋራ ትይዩ በሆነው በኩልም መተላለፊያ ያህል ክፍት ስፍራ ይተው። ዝቅ ያለ ጭነት ለማየት ብቻ ሳይሆን ጀልባው እንዳይገለበጥም ይረዳል። ሁለተኛ፥ ከፊት የሚያይ ሰው ይቀመጥ። የሞተሩ ድምፅ ቃልን ስለሚውጥ ጥቆማው በእጅ ይሁን፤ ቀኝ እጅ ሲዘረጋ ወደ ቀኝ፥ ግራ እጅ ሲዘረጋ ወደ ግራ፥ ሁለቱም እጆች ወደ ላይ ሲነሡ ሞተሩን አጥፋ ማለት ነው ተብሎ ይወሰን። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ለብዙ ጀልባም ይበቃል።

ጉዞው ረጅም፥ ጭነቱ ሁልጊዜ ከፍተኛ፥ መንገዱም ታንኳ የሚበዛበት ሲሆን ግን የጥቆማ መዘግየት አደጋ ያመጣል። ሁለተኛ የመሪ ስፍራ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

4ኛ፤ ስፍራውን ስለ መምረጥ

አዲሱ ስፍራ ከጭነቱ ፊት ይሁን፤ በጭነቱ ወይም በጣራ ላይ ግን አይሁን። ከፍ ያለ ሰገነት ዓይንን ቢጠቅምም ክብደትን ወደ ላይ ያወጣል። ጣና ሰፊ ሲሆን ከሁሉ ጥልቅ በሆነው ስፍራ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን፥ ክብደቱ ወደ ላይ የወጣ ጀልባን በቶሎ ያንገላታዋል።

እንዲሁም ነጂው ወደ ፊት ጫፍ እጅግ አይጠጋ። የአንድ ሰው ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ሲዛወር የጀልባው ፊት ዝቅ ይላል፤ ማዕበሉም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነጂው ወደ ፊት በተዛወረ መጠን ጭነቱ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሳብ። ከዚያም ጀልባው ተጭኖ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ከዳር ሆኖ ይመልከተው፤ ፊቱ ከኋላው ይልቅ የጠለቀ ከሆነ ጭነቱ እንደ ገና ይስተካከል።

5ኛ፤ የአሠራር መንገዶች

ሀ) እጀታን ማስረዘም። ከሁሉ የሚረክሰው በሞተሩ እጀታ ላይ 1 ሜትር ያህል ቱቦ መቀጠል ነው። ነጂው ቆሞና ጥቂት ወደ ፊት ተጠግቶ ይመራል። የብዙ ሞተሮች እጀታ ሲጠመዘዝ ነዳጅ የሚሰጥ ስለሆነ ቱቦው እጀታውን አጥብቆ ይያዝ፤ የላላ ከሆነ ነዳጅ መቀነስ በሚያስፈልግበት ጊዜ በከንቱ ይዞራል። ይህ በእውነቱ ሁለተኛ ስፍራ ባይባልም፥ ለአጭር ጀልባ መልካም መፍትሔ ነው።

ለ) ገመድና መዘውር። ሞተሩ አነስተኛ፥ ጀልባውም ዝግተኛ ከሆነ ይህ መንገድ በአገር ውስጥ ሠራተኛ ሊሠራ ይችላል። ከፊት ክብ መሪ ይቆማል፤ በመሪው ዘንግ ላይ ገመድ የሚጠቀለልበት ከበሮ ይደረጋል። ገመዱ ከከበሮው ተነሥቶ በቀኝና በግራ በጀልባው ጎን በመዘውሮች ላይ እያለፈ እስከ ሞተሩ ይደርስና በሞተሩ ክንድ ላይ ከሁለት ወገን ይታሰራል። ገመዱ በከበሮው ላይ 4 ወይም 5 ጊዜ ተጠምጥሞ መካከሉ በከበሮው ላይ ይቸነከር፤ አለዚያ በረጠበ ጊዜ ይንሸራተታል።

ልኩ እንዲህ ይታሰባል። የሞተሩ ክንድ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት ወደ ቀኝም ወደ ግራም 30 ዲግሪ ቢዞር፥ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። የከበሮው ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ መሪው ከዳር እስከ ዳር ሁለት ዙር ለመሆን ጥቂት የቀረው ይዞራል። የመሪው ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነም የነጂው ጉልበት 8 እጥፍ ይሆናል። ከበሮው ቢሰፋ መሪው ፈጣን ግን ከባድ፥ ቢጠብም ቀላል ግን ዘገምተኛ ይሆናል።

የገመዱ ዓይነት ታላቅ ነገር ነው። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፥ ውሎ አድሮም ይበሰብሳል፤ ናይሎን ይለጠጣል፤ የተጎነጎነ የፖሊስተር ገመድ ግን ጥቂት ብቻ ስለሚለጠጥ ይሻላል። የማይዝግ የሽቦ ገመድ ከሁሉ ይበረታል፤ ነገር ግን በጠባብ መዘውር ላይ ሲታጠፍ ሽቦው እየተሰበረ ይሄዳል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ለሆነ የሽቦ ገመድ የመዘውሩ ስፋት ከ8 ሳንቲ ሜትር ባያንስ መልካም ነው። የሽቦው ጫፍ በማቀፊያ ብረት ሲታሰር የማቀፊያው ኮርቻ ጭነት በሚሸከመው ሽቦ ላይ፥ የፈረስ ኮቴ መሰሉ ብረት ግን በተረፈው ጫፍ ላይ ይሁን። ተገልብጦ ቢታሰር የሚሠራውን ሽቦ ይቈርጠዋል።

መዘውሮቹ በሚስማር አይመቱ፤ እንጨቱን ወይም ብረቱን በስቶ በሚያልፍ ቡሎን፥ በሮንዴላና በዳዶ ይታሰሩ። ገመድ በቀጥታ ማዕዘን በሚታጠፍበት ስፍራ መዘውሩ የሚሸከመው ከገመዱ ስበት ይበልጣል፤ ገመዱ በ50 ኪሎ ቢሳብ መዘውሩን የሚስበው 70 ኪሎ ያህል ነው። ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ ገመዱ እንዳይላላ በሁለቱም ጫፍ ብርቱ ሞላ ይግባ።

ቀድሞ በመካከሉ ክብ መሪ ያለው ጀልባ ከሆነ ደግሞ፥ በአንድ ጎን የሚያልፈው ገመድ በሁለተኛው መሪ ከበሮ ላይ ይጠምጠምና ሁለቱ መሪዎች አብረው ይዙሩ። የሁለቱ ከበሮ ስፋት እኩል ይሁን፤ ያልተስተካከለ እንደሆነ አንዱ መሪ ብዙ ሲዞር ሌላው ጥቂት ስለሚዞር የነጂው እጅ ይስታል።

ሐ) በቱቦ ውስጥ የሚገፋና የሚስብ ኬብል። ይህ ተሠርቶ የሚገዛ ነው፤ ከገመድ ይልቅ ይጠራል፥ አይላላምም። ለእያንዳንዱ የመሪ ስፍራ አንድ አንድ ኬብል ያስፈልጋል። ኬብሉ የማይቈረጥና የማይቀጠል ስለሆነ ከመግዛት በፊት መንገዱ በገመድ ተለክቶ ይታወቅ። ከ20 ሳንቲ ሜትር በጠበበ ክብ አይታጠፍ፤ መታጠፊያውም በበዛ መጠን መሪው ይከብዳል።

መ) በዘይት ግፊት የሚሠራ፥ ሃይድሮሊክ የተባለው። መሪው ሲዞር ትንሽ ፓምፕ ዘይቱን በቱቦ እየገፋ ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ሲሊንደር ያንቀሳቅሳል። ጀልባው አስቀድሞ ይህ መሣሪያ ካለው፥ ሁለተኛ ፓምፕ በሁለቱ ቱቦዎች ላይ በሦስት አፍ ማገናኛ ይቀጠላል፤ የሁለቱን ፓምፖች የዘይት መያዣ የሚያስተካክል ሦስተኛ ቱቦም ይጨመራል። ዘይት የሚሞላውና አየር የሚተነፍሰው በላይኛው መሪ በኩል ነው፤ የታችኛው ክዳን አየር የማያስገባ ይሁን። በየፓምፑ ያለው መመለሻ ከልካይ አንዱ መሪ ሲዞር ሌላው እንዳይዞር ያደርጋል። ዘይቱ ሠሪው ያዘዘው ብቻ ይሁን፤ የመኪና ፍሬን ዘይት ማኅተሞቹን ያበላሻል። በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ሁሉ ይውጣ፤ አየር ያለበት መሪ በእጅ ላይ ይለሰልሳል እንጂ ሞተሩን በእውነት አይመራም። ወጪው ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገር ግን ለፈጣን ጀልባና ለብርቱ ሞተር በገመድ መሥራት አይገባም። ፈጣን ጀልባ ላይ ገመድ ቢበጠስ ሞተሩ በድንገት ዞሮ ሰዎቹን ወደ ውሃ ይጥላቸዋል።

6ኛ፤ በምን ላይ መቈጠብ እንደሚገባና እንደማይገባ

ክቡ መሪ ከአሮጌ መኪና ቢወሰድ ጉዳት የለውም። ከበሮው በአገር ውስጥ መቅረጫ ሊቀረጽ፥ መቀመጫውና መቆሚያው ከአገር እንጨት ሊሠራ ይችላል። በገመዱ፥ በጫፍ ማሰሪያው፥ በቡሎኖቹና በሞተር ማጥፊያው ላይ ግን መቈጠብ አይገባም። የነዚህ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ጥቂት ነው፤ ጀልባው ግን የተንጠለጠለው በነሱ ነው።

7ኛ፤ መሪ ብቻውን እንደማይበቃ

ሁለተኛ የመሪ ስፍራ ሠራሁ የሚል ሰው ክብ መሪ ብቻ አቁሞ ቢተው፥ ሥራውን በእኩል ትቶታል። ከፊት ያለው ነጂ ታንኳ አይቶ መሪውን ቢያዞር፥ ሞተሩን የሚያቆመው ሰው ግን ከኋላ ሆኖ ምንም የማያይ ከሆነ ከአደጋው አልዳኑም። ማየት፥ መምራትና ማቆም በአንድ ሰው እጅ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ነዳጅ መስጫውና ማርሹ በኬብል ወደ ፊት ይምጡ። ለዚህ ገንዘብ ካልበቃ ቢያንስ የሞተር ማጥፊያ ሽቦ ወደ ፊት ይዘርጋ፤ ማጥፊያውም ነጂው ከስፍራው ቢወድቅ ሞተሩን በሚያጠፋ ገመድ ከነጂው አካል ጋራ ይታሰር።

የኋላው ስፍራም ፈጽሞ አይፍረስ፤ የሞተሩ እጀታ በቦታው ይቈይ። ገመዱ በሞተሩ ክንድ ላይ የሚታሰርበት ካስማ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚነቀል፥ በራሱ እንዳይወጣ ግን በትንሽ ቀለበት የሚያዝ ይሁን። ገመድ ቢበጠስ ወይም ቢያዝ ረዳቱ ካስማውን ነቅሎ በእጀታው ይመራል። እንዲሁም እንቦጭ ሽክርክሪቱን ሲይዘው ሞተሩን አጥፍቶ የሚያነሣና የሚያጠራ ሰው ከኋላ መኖር ግዴታ ነው፤ ከፊት ያለው ነጂ ይህን ሊያደርግ አይችልምና።

8ኛ፤ ስለ እጅ ልማድና ስለ አንድ አዛዥ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። የሞተሩን እጀታ የያዘ ሰው ጀልባው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ሲፈልግ እጀታውን ወደ ግራ ይገፋል። ክብ መሪ የያዘው ግን ወደ ቀኝ ለመሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል። ስለዚህ ሠራተኛው ገመዱን ሲዘረጋ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር እጀታው ወደ ግራ እንዲሳብ አድርጎ ይሥራ፤ ገመዱ በከበሮው ላይ በተገላቢጦሽ ከተጠመጠመ ጀልባው ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። በእጀታ የለመደ ነጂም ወደ ክብ መሪ ሲዛወር ባዶ ጀልባ ይዞ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ብዙ ቀን ይለማመድ። በድንጋጤ ጊዜ የሚሠራው እጅ የለመደውን ነው እንጂ ልብ ያሰበውን አይደለም።

ዳግመኛም ሁለት የመሪ ስፍራ ማለት ሁለት አዛዥ ማለት አይደለም። በአንድ ጊዜ ጀልባውን የሚመራው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስፍራ ሲለዋወጡ ሞተሩ ዝግ ይበል፤ ሰጪው «ያዝ» ይበል፥ ተቀባዩም «ያዝሁ» ብሎ ሳይመልስ ሰጪው እጁን አይልቀቅ። በወደብ ለመቆም የኋላው ስፍራ ይሻል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ማን እንደሚመራ ከመጠጋት በፊት ይወሰን።

9ኛ፤ ሹማምንት ሊመረምሩት የሚገባ

የወረዳ ሹም ወይም እሱ ያዘዘው ሰው ጀልባ ሲመረምር የሚከተለውን ያድርግ። የእጅ ሥራ ዐዋቂ መሆን አያስፈልገውም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃዋል።

1) ጀልባው ሙሉ ጭነት ይዞ ሳለ ራሱ በነጂው ስፍራ ተቀምጦ ወደ ፊት ይመልከት። ውሃውን ካላየ ነጂውም አያይም።

2) መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ያዙር፤ ሞተሩ ሳይንቀሳቀስ መሪው በዙሪያው ከአራት ጣት በላይ ባዶውን ከሄደ ገመዱ ላልቷል።

3) ሞተሩ እየሠራ ሳለ በፊተኛውም በኋለኛውም ስፍራ ያጥፋው።

4) ረዳቱ ካስማውን ነቅሎ በእጀታ እንዲመራ ይዘዘው፤ ይህም ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ይመልከት።

5) የሽቦውን ገመድ ከዳር እስከ ዳር በጨርቅ ይጥረግ፤ ጨርቁን የያዘ የተሰበረ ሽቦ ካለ ገመዱ ይለወጥ።

6) መዘውሮቹ ግራሶ ያላቸውና በቡሎን የታሰሩ መሆናቸውን ይመልከት፤ በሲባጎ የታሰረ መዘውር ካለ ጀልባው አይሂድ።

7) ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ይቍጠር፤ የጭነት ልክ የሚያሳየው መስመርም ከውሃው በላይ መታየቱን ያረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይፈጅም። በገበያ ቀን ማለዳ ጀልባው ሳይጫን ከመመርመር ግን ከተጫነ በኋላ መመርመር ይሻላል፤ ባዶ ጀልባ ሁሉ ደኅና ይመስላልና።

ማጠቃለያ

በጠቅላላው ሲታይ ሁለተኛ የመሪ ስፍራ ውድ ጌጥ አይደለም፤ ያለ ማስተዋል ከተሠራ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ጭነትን ዝቅ ማድረግና የሚያይ ሰው ማስቀመጥ ይቅደም፤ ይህ ያልበቃ እንደሆነ ከጭነቱ ፊት መሪ ይቁም፤ ከመሪውም ጋራ ሞተር ማጥፊያው ይሂድ፤ የኋላውም ስፍራ ለክፉ ቀን ይጠበቅ። ባለ ጀልባው ለገመድና ለቡሎን የሚያወጣው ገንዘብ አንድ ጭነት እህል ከመስጠም ቢያድን ዋጋውን መለሰ። ከፊቱ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈውን ድኻ ካዳነ ግን ዋጋው በገንዘብ የሚቈጠር አይደለም።